በትንሿ ርካሽ መጋዝ ቀለህ መቁረጥ፦ የ5.56 ቀለህን ለ.300 ብላክአውት ማዘጋጀት

የተኩስ ሜዳ የሚያዘወትር ሰው ያውቀዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሬቱ ቢጫ በቢጫ ይሆናል። አብዛኛው 5.56 የሚባለው የጠመንጃ ጥይት ቀለህ ነው። ባለቤቱ ተኩሶ፣ ትቶት ሄዷል። እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያ የሜዳውን ኃላፊ አስፈቅዶ ለሚለቅም ሰው አንድ ባልዲ መሙላት ከባድ አይደለም። ቀለሁ ከ5.56 የሚያጥር፣ .300 ብላክአውት የሚባል ሌላ ጥይት አለ። ለእሱ ተኳሽ ያ ባልዲ ሀብት ነው። ቀለሁን አሳጥሮ፣ አዲስ አንገት፣ ማለትም አረሩ (ተወርውሮ የሚሄደው የጥይቱ ጫፍ) የሚጨበጥበትን ጠባብ አፍ፣ አውጥቶ መጠቀም ይቻላል።

አድካሚው ሥራ ማሳጠሩ ነው። በእጅ በሚዞር መከርከሚያ 1 ሳንቲሜትር የሚጠጋ ናስ መላግ እጅ ያዝላል። ሃያውን ስትጨርሱ ጣታችሁ ይደነዝዛል። ስለዚህ ብዙ ሰው ትንሿን የጠረጴዛ መጋዝ ይጠቀማል። ዲስኳ 50 ሚሊሜትር ገደማ ናት። አሜሪካ ውስጥ ከ50 ዶላር በታች ትገኛለች። አንዱን ቀለህ በሁለት ሦስት ሴኮንድ ትቆርጣለች።

ርካሽ ናትና የማትችለውን አትጠብቁባት። አብሯት የሚመጣው ሞርሳ፣ የሚቆረጠውን ጨብጦ የሚይዘው መንጋጋ፣ ይላወሳል። ክንዷም ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይላል። ልኩን የሚጠብቅላችሁ እናንተ የምትሠሩት መያዣና ማቆሚያ ነው። ገንዘባችሁን መጋዙ ላይ፣ ጊዜያችሁን መያዣው ላይ አውሉ።

ወደ ሥራው ሳንገባ ስለ ሕጉ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለራስ መተኮሻ ጥይት ለመሥራት ፈቃድ አይጠየቅም። ለሽያጭ ማምረት ግን ፈቃድ ይፈልጋል። የየግዛቱ ሕግም ስለሚለያይ የምትኖሩበትን ጠይቁ። አገር ቤት ላላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለሆነ ይህን ሥራ እዚያ አትሞክሩት። እዚህ የምጽፈውም ናሱን ስለ ማዘጋጀት ብቻ ነው። የባሩድ መጠን ከታተመ የባሩድ መሙያ ሠንጠረዥ እንጂ ከማንም አፍ አይወሰድም።

ቁጥሮቹ

የ5.56 እና የሲቪል መንትያው የ.223 ሬሚንግተን ቀለህ ርዝመት ቢበዛ 44.70 ሚሊሜትር ነው። የ.300 ብላክአውት ቢበዛ 34.75 ነው። ከርክመን የምናደርሰው ደግሞ 34.5 ላይ ነው። ብላክአውት በአሜሪካው የጥይት ደረጃ አውጪ ማኅበር፣ በሳሚ፣ የጸደቀው በ2011 ነው። ሲነደፍም በ5.56 ጠመንጃ ላይ አፈሙዙን (አረሩ የሚያልፍበትን ቱቦ) ብቻ ለውጦ እንዲተኮስ ታስቦ ነው። የቀለሁ ግርጌ፣ ጥይት የሚደረደርበት ካዝናና መዝጊያው ያው ነው። ቀለሁን መለወጥ የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ የምነግራችሁ አደጋም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

በመጋዝ የምንቆርጠው 34.5 ላይ አይደለም። እኔ 35.3 ላይ እቆርጣለሁ። የቀረችውን 0.8 ሚሊሜትር ደህናው፣ በልክ የሚላገው መከርከሚያ ይጨርሳታል። መጋዟ አንዳንዴ በ0.2 ሚሊሜትር ትስታለች። ትርፍ ካለ ጉዳት የለውም። ያጠረ ቀለህ ግን አይቀጠልም።

35.3 ላይ ስትቆርጡ አንገቱና ትከሻው (ገላው ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ) በሙሉ ይሄዳሉ። እጃችሁ ላይ የሚቀረው አፉ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ ኩባያ የመሰለ ነገር ነው። አዲሱ አንገት የሚወጣው ቀድሞ ገላው ከነበረው ናስ ነው ማለት ነው። የገላው ናስ ደግሞ ከአንገቱ ይወፍራል። ይህችን ያዟት፣ እንመለስባታለን።

መጀመሪያ ማጣራት፣ ከዚያ ማጠብ

ያልተተኮሰ ጥይት መጋዝ አጠገብ አይደርስም። ይህ ምንም ማብራሪያ አይፈልግም። ባልዲውን ጠረጴዛ ላይ ገልብጣችሁ አንድ በአንድ እዩ። የተሰነጠቀውን፣ የተጨፈለቀውን፣ ግርጌው አካባቢ የሚያብረቀርቅ ቀለበት የመሰለ መስመር ያለበትን ጣሉ። ያ መስመር ናሱ ከውስጥ ሊበጠስ እንደቀረበ የሚናገር ምልክት ነው።

ቀጥሎ የተተኮሰውን ፕራይመር፣ ግርጌው መሃል ያለችውን ባሩዱን የምታቀጣጥል ትንሽ ቆብ፣ አውጡ። ፕራይመሩ ጥሎት የሚሄደው ጥቀርሻ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት። ቀለሁን ሳታጥቡ ከቆረጣችሁ ያንን አቧራ መጋዙ ወደ ፊታችሁ ይበትነዋል። ስለዚህ በውሃና በሳሙና፣ ካላችሁም ከማይዝጉ የብረት መርፌዎች ጋር በሚሽከረከር በርሜል እጠቡ። ደረቅ ማጽጃም ይሠራል፣ ግን አቧራው በአየር ላይ ይቀራል። ልጆች ባሉበት ቤት እርጥቡን ብቻ እመክራለሁ። ካጠባችሁ በኋላ በደንብ ይድረቅ።

አሁን ግርጌው ላይ በተቀረጸው የፋብሪካ ማህተም ለዩ። ግርጌው ላይ ኤል እና ሲ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካያችሁ ሚዙሪ፣ ኢንዲፔንደንስ ከተማ ባለው በሌክ ሲቲ የጦር ሠራዊት ጥይት ፋብሪካ የተሠራ ነው። ፋብሪካው ከ1941 ጀምሮ አለ። አጠገባቸው ያሉት ሁለት አሃዞች የተሠራበት ዓመት ናቸው። ክብ ውስጥ ያለ መስቀል ካለበት የኔቶ ምልክት ነው። የዚህ ፋብሪካ ቀለህ ለብላክአውት ይስማማል፣ ግድግዳው ከልክ በላይ አይወፍርም። የወታደር ቀለህ ስለሆነ ግን ፕራይመሩ ዙሪያውን ተጨፍልቆ የተያዘ ነው። አዲስ ፕራይመር ከመግባቱ በፊት ያ ጠርዝ በመላጊያ ወይም በመጫኛ መሣሪያ መነሳት አለበት።

ሌሎቹን ማህተሞች በየፌስታሉ አስቀምጡ። አንድ ባልዲ ሙሉ አትቁረጡ። ከእያንዳንዱ ማህተም ሦስት ብቻ ወስዳችሁ እስከ መጨረሻው ሥሯቸው። አንገታቸው ከወፈረ ያን ማህተም በሙሉ ተዉት። እኔ ይህን ሳላውቅ ከ200 በላይ ቀለህ ቆርጬ፣ ጠርዙን አስተካክዬ፣ ቅርፅ አውጥቼ ስለካው አንገቱ ከልክ በላይ ወፍሮ አገኘሁት። የሁለት ቅዳሜ ልፋቴ ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ቀረ።

መያዣው

ለዚህ መጋዝ የሚሆን የተዘጋጀ መያዣ ይሸጣል። በስሪ ዲ ፕሪንተር የሚያትሙም አሉ። ከጠንካራ እንጨት ራሳችሁ ብትሠሩትም ያው ነው። እኔ የምጠቀምበት የእንጨት ነው።

25 በ25 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 60 የሆነ እንጨት ያዙ። መጀመሪያ የመጋዟ ሞርሳ ምን ያህል እንደሚከፈት ለኩ፣ እንጨቱ እንዲገባ። ከዚያ በትራፓኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፍ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሱ። የቀለሁ ግርጌ 9.6 ሚሊሜትር ስለሆነ ሳይጨናነቅ ይገባል። ቀዳዳው ጠማማ ከሆነ ቁርጡም ጠማማ ይሆናል። በቋሚ መብሻ ብትበሱት ይሻላል። በእጅ ከሆነ ግን ሦስት አራት እንጨት አበላሽታችሁም ቢሆን ቀጥ ያለውን ምረጡ።

ከኋላ በኩል 8 ሚሊሜትር ብሎን የሚገባበት ዳዶ በኢፖክሲ ለጥፉ። ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ የቀለሁን ግርጌ ይነካል። ማቆሚያችሁ ይህ ነው። ሌላ ዳዶ ጨምሩና ልኩ ሲገኝ በኪያቤ ጥርቅም አድርጋችሁ ቆልፉት።

እዚህ ላይ የብሎኑ ውፍረት ልብ ይባል። እኔ በመጀመሪያ 5 ሚሊሜትር ብሎን ነበር ያደረግኩት። አንዱ ቀለህ 35.3 ይወጣል፣ ሌላው 35.6፣ ደግሞ 35.4። መጋዟን ወቀስኩ። ዲስክ ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። አንድ ቀን መብራት አስጠግቼ ከጎን ስመለከት ነገሩ ተገለጠልኝ። የፕራይመሩ ጉድጓድ 4.45 ሚሊሜትር ነው። የብሎኑ ጫፍ ደግሞ ዙሪያውን ትንሽ ሾጠጥ ያለ ነበር። አንዳንዱ ቀለህ ላይ ጫፉ ጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ ይሰምጣል፣ አንዳንዱ ላይ ጠርዙ ላይ ይቆማል። በሰመጠ ቁጥር ቀለሁ ወደ ኋላ ይሄድና ቁርጡ ይረዝማል። 8 ሚሊሜትር ብሎን አስገብቼ ጫፉን በሞረድ ልክ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ሳደርገው ችግሩ ጠፋ።

ከእንጨቱ ጎን፣ ብሎኑና ቀለሁ የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ 15 ሚሊሜትር የምታህል መስኮት ክፈቱ። ሦስት ጥቅም አላት። ግርጌው ማቆሚያውን መንካቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። የተቆረጠውን ቀለህ በጣታችሁ ወደፊት ገፍታችሁ ታወጡታላችሁ። የናስ ብናኝም በእሷ ይወጣል። መስኮት የሌለው መያዣ ውስጥ ብናኝ ግርጌውና ብሎኑ መካከል ይቀራል። ቀለሁን ወደ ዲስኩ ይገፋውና በብናኙ ውፍረት ልክ አጥሮ ይቆረጣል። ቅድም እንዳልኩት፣ ያጠረ አይመለስም።

በመጨረሻ ከፊት ጀምራችሁ በእንጨቱ ላይኛው ገጽ እስከ ቀዳዳው የሚዘልቅ ቀጭን ስንጥቅ በእጅ መጋዝ አውጡ። ሞርሳው ሲጨብጥ ስንጥቁ ይጠባል፣ እንጨቱም ቀለሁን ዙሪያውን ያቅፈዋል። የብረት ሞርሳ ናስን በቀጥታ ከያዘ ከሁለት ጎን ጨፍልቆ እንቁላል ያስመስለዋል። ላላ አድርጋችሁ ከያዛችሁት ደግሞ ዲስኩ ሲነካው አብሮ ይሽከረከራል። እንጨቱ ሁለቱንም ያድናል።

ዲስኩና መጋዟ

ናስ ለስላሳ ነው። 70 በመቶው መዳብ፣ 30 በመቶው ዚንክ ነው። የአሸዋ ዲስክ ላይ ይለጠፋል፣ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ይግላል። ከዲስኩ የሚረግፈው አሸዋም ቀለሁ ላይ ተጣብቆ ውድ የሆነውን ዳይ፣ ቀለሁን ቅርፅ የሚያስይዘውን የብረት ማውጫ፣ ይቧጭራል። ስለዚህ ጥርሱ የደቀቀ የብረት ዲስክ ግዙ። ሁለት መጠባበቂያ አብራችሁ ያዙ። ዲስኩ ሲደንዝ ድምፁ ከፉጨት ወደ ጩኸት ይቀየራል፣ ጠርዙም ላይ የሚቀረው ሹል ይበዛል።

መጋዟን ጠረጴዛው ላይ በብሎን እሰሩ። ቀላል ስለሆነች ካልታሰረች ትዘላለች። ሶኬቱን ንቀሉና ክንዷን በእጃችሁ አውርዱ። ዲስኩ ሞርሳውን እንዳይነካ፣ ከመያዣው ፊትም 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ እንዲርቅ አስተካክሉ። ዲስኩ የቀለሁን ውፍረት ሙሉ በሙሉ ማለፉንም እዩ። ከዚህ በኋላ ነው ሶኬት የሚሰካው።

መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው። በዓይን የሚለበሰው የማየት መነጽር አይበቃም፣ ጎኑ የተሸፈነ ይሁን። የጆሮ መድፈኛና የአቧራ ማስክ አድርጉ። ጓንት አታድርጉ። የሚሽከረከር ዲስክ የጓንት ጫፍ ከያዘ ጣትን ይዞ ይሄዳል። ሰፊ እጅጌ ይጠቅለል፣ ነጠላም ሆነ ስካርፍ ይውለቅ።

መቁረጥ

ቀለሁን በግርጌው በኩል አስገቡ። በመስኮቷ አይታችሁ ብሎኑን መንካቱን አረጋግጡ። ሞርሳውን ጭብጥ አድርጉት፣ ግን አታንቁት። መጋዟን አስነሱ። ዲስኩ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪይዝ ጠብቁ። ከዚያ ክንዱን በቀስታ አውርዱ።

የመጀመሪያው ንክኪ እንደ መላስ ይሁን። ዲስኩ መንገዱን ካበጀ በኋላ ትንሽ ጫን ይባላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንደገና ይቀለላል። ተቆራጩ አንገት ሊለይ ሲል በአንዲት ቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያኔ የቸኮለ ሰው ዲስኩን ያስነክሰዋል። እኔን ያጋጠመኝ ይህ ነው። ቁራጯ ተስፈንጥራ የጋራዡን ግድግዳ መታች፣ የጥርስ ምልክትም ቀለሁ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መጨረሻዋን ሩብ ሴኮንድ እታገሳለሁ። ከመጋዟ ጀርባ የካርቶን ሳጥን አድርጉ፣ ቁርጥራጩ እዚያ ይጠራቀማል።

መጋዟን አጥፍታችሁ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ብቻ እጃችሁን አስገቡ። ሞርሳውን አላሉ፣ በመስኮቷ ገፋ አድርጋችሁ ቀለሁን አውጡ። በጥርስ ብሩሽ መያዣውን አንድ ጊዜ ጥረጉ። ቀጣዩ።

የመጀመሪያውን ቀለህ በካሊፐር ለኩ። ከመለካታችሁ በፊት የአፉን ሹል በሞረድ ንኩት፣ አለበለዚያ የምትለኩት ሹሉን ነው። የ8 ሚሊሜትር ብሎን አንድ ሙሉ ዙር 1.25 ሚሊሜትር ይሄዳል። ሩብ ዙር 0.3 ገደማ ነው። በዚህ ሂሳብ 35.3 ላይ ድረሱና ቆልፉ። ከዚያ በየ20ው አንድ ለኩ። የሞተሩ ገላ ለእጅ የሚያቃጥል ከሆነ አሳርፉት። ትንሽ ሞተር ናት፣ እረፍት ከሰጣችኋት ዕድሜዋ ይረዝማል።

ጠርዝ፣ ቅርፅ፣ አንገት

የተቆረጠው አፍ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ከውስጥም ከውጭም በጠርዝ መላጊያ ዞር ዞር አድርጉት። ይህን ዘላችሁ ወደ ዳይ ብትገቡ ሹሉ ዳዩን ይፈገፍጋል፣ ብናኙም ቅባቱ ውስጥ ይቀራል። ከጠረባችሁ በኋላ ባፉ ደፍታችሁ ጠረጴዛው ላይ ቸብ ቸብ አድርጉት። ከውስጡ የሚወጣውን ብናኝ ስታዩ ትደነግጣላችሁ።

ቀለሁን በልኩ ቅባት ቀቡት። ካነሰ ዳዩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ከበዛ ቅባቱ መውጫ አጥቶ ትከሻውን ያጎደጉደዋል። ከዚያ በፕሬሱ (በእጀታ የሚገፋው መጫኛ) ወደ ብላክአውት ዳይ አስገቡት። በአንድ ትንፋሽ አትግፉት። ግማሽ ገፍቶ፣ መለስ አድርጎ፣ እንደገና መግፋት ይሻላል። ኩባያው ጠቦ አንገትና ትከሻ ሲያወጣ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። ትከሻው በትክክል መቀመጡን በብላክአውት የቀለህ መለኪያ አረጋግጡ። ቀጥሎ በደህናው መከርከሚያ 34.5 ላይ አድርሱትና ጠርዙን እንደገና ንኩት።

አሁን ወደዚያች ያዟት ወዳልኳችሁ ነገር። የብላክአውት አረር 7.82 ሚሊሜትር ነው። አረር የገባበት አንገት ከውጭ ሲለካ ቢበዛ 8.48 መሆን አለበት። ልዩነቱ 0.66 ነው። ለሁለት ግድግዳ ሲካፈል 0.33 ይሆናል። ይህ ግን የመጨረሻው ድንበር ነው። አንገቱ አረሩን ለመልቀቅ ሰፋ የሚልበት ቦታ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ ከ0.28 አካባቢ ባያልፍ ጥሩ ነው። አንገቱ የሚላቀቅበት ካጣ ግፊቱ በጠመንጃው ውስጥ ከልክ በላይ ይወጣል። ባሩድም ፕራይመርም የሌለበት ቀለህ ላይ አረር አስገቡና አንገቱን በካሊፐር ለኩ። ከእያንዳንዱ ማህተም ሦስቱን ፈትኑ ያልኩት ለዚህ ነው።

ናስ በተጠፈጠፈ ቁጥር ይደርቃል። አዲሱ አንገትም በብዙ ስለተቀጠቀጠ ቶሎ ይሰነጠቃል። እሳት ማሳየት ያለሰልሰዋል። ቀለሁን በትራፓኖ ቀስ እያሽከረከራችሁ አንገቱንና ትከሻውን ብቻ ለጥቂት ሴኮንድ ነበልባል ላይ ያዙት። 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚቀልጥ የሙቀት ጠቋሚ ቀለም ብትጠቀሙ ከግምት ትድናላችሁ። ሙቀቱ ወደ ግርጌው መድረስ የለበትም። ግርጌው ግፊቱን የሚሸከመው ጠንካራ ስለሆነ ነው። ግርጌው የለሰለሰ ቀለህ አይተኮስም፣ ይጣላል። ይህን ደረጃ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ዝለሉት። አንገቱ ቶሎ ይሰነጠቅ ይሆናል፣ ጉዳቱ ግን ከዚያ አያልፍም።

ሲጨርሱ ጠረጴዛው በናስ ብናኝ ይሸፈናል። ማግኔት አያነሳውም። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ልብሳችሁን አራግፉ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከዚያ ነው ቡና የሚጠጣው። የተቆረጡትን አንገቶች አትጣሏቸው። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ በኪሎ ይወስዳቸዋል። አገር ቤትም ቀለህ አቅልጠው ጨሌና ሐብል የሚያወጡ እጆች አሉ፣ ናሱ ያምራል።

ከሁሉ በላይ፦ አለመቀላቀል

የሠራችሁት ቀለህ ግርጌ ላይ አሁንም የ5.56 ማህተም አለ። ማህተሙ ከእንግዲህ ይዋሻል። የብላክአውት ጥይት በ5.56 ካዝና ይገባል። በአንዳንድ የ5.56 ጠመንጃም አረሩ ወደ ውስጥ ተገፍቶ መዝጊያው ይዘጋል። ከተተኮሰ 7.82 ሚሊሜትር አረር 5.69 በሆነ አፈሙዝ ለማለፍ ይታገላል። ጠመንጃው ይፈነዳል። ተኳሹም አጠገቡ ያለውም ይጎዳል። ይህ በተደጋጋሚ የደረሰ ነገር ነው።

ስለዚህ የተለወጠውን ቀለህ ግርጌ በማይለቅ ቀለም አቅልሙ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ ጻፉ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያነሳው አይታወቅምና። እኔ የብላክአውት ካዝናዎቼን በሙሉ በቀይ ቴፕ ጠቅልያለሁ። ሁለቱን ጠመንጃዎች በአንድ ቀን ወደ ሜዳ አልወስድም። ብላክአውቱን በምይዝበት ቅዳሜ የ5.56ቱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበት ይውላል።